ሁለት ወር ኖሬ የጎረቤቶቼን ድምፅ እንጂ ስማቸውን አላውቅም

የሦስተኛ ፎቋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ቤት ከቀየርኩ ሁለት ወር ሊሞላኝ ነው። ዕቃው ቦታ ቦታውን ይዟል፣ ካርቶኖቹም ወጥተዋል፣ እኔ ግን አሁንም እንግዳ ነኝ። ማታ ስገባ እጄ ማብሪያውን የሚፈልገው በድሮው ቤቴ ልማድ በግራ ነው፤ እዚህ ያለው በቀኝ።

የገረመኝ ነገር፣ ሰፈሩን መጀመሪያ ያወቅኩት በጆሮዬ ነው። ከላይ ያሉት አባት ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ይነሳሉ፤ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ሲሄዱ እርምጃቸውን ቆጥሬዋለሁ፣ ዘጠኝ ነው። ከጎኔ ባለው ቤት ማታ ማታ አንድ ልጅ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል፣ አንድ ቃል ላይ ሲደናቀፍ እኔም ከግድግዳው ወዲህ ሆኜ እስኪያልፈው ድረስ ትንፋሼን ይዤ እጠብቀዋለሁ። ከታች ደግሞ በሯን ከቆለፈች በኋላ እጀታውን ሁለት ጊዜ ሳትሞክር የማትሄድ ሴት አለች። ይህን ሁሉ አውቄ የአንዳቸውንም ስም አላውቅም። ደረጃ ላይ ስንገናኝ አንገቴን ሰበር አድርጌ አልፋለሁ።

ሁለት ነገር ልጠይቃችሁ። ሌሊት ቤቱ ይንቋቋል፣ ቀን የማይሰማኝ የሩቁ መንገድም ጆሮዬ ሥር ይመጣል፤ ይሄ ይለመዳል ወይ? ደግሞስ ሁለት ወር ሙሉ ሰላም ብቻ ያልኩትን ሰው አሁን ተነስቼ እንዴት ስም እጠይቃለሁ?

እንቅልፍ ያጣሁት፦

የሌሊቱን እኔ ልመልስልሽ እህቴ። የሚንቋቋው ነገር አያስፈራሽ። ቀን የሞቀ እንጨት፣ ቆርቆሮና ቧንቧ ማታ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ መጋጠሚያው ላይ ሸርተት ሲል ያን ድምፅ ያወጣል። መንገዱም እውነት ነው፣ ጆሮሽ አይደለም። ጥርት ባለና ነፋስ በሌለበት ሌሊት ከመሬት አጠገብ ያለው አየር ከላይኛው ይበልጥ ይቀዘቅዛል፣ ድምፅ ደግሞ በቀዝቃዛ አየር ውስጥ ቀስ ስለሚል ወደ ሰማይ መበተኑን ትቶ ወደ መሬት ይታጠፋል። የሚሸፍነው የቀን ጫጫታም የለም።

እ.ኤ.አ. በ2016 የብራውን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት፣ ሰው አዲስ ቦታ በተኛበት የመጀመሪያ ሌሊት የአንጎሉ ግራ ክፍል እንደ ቀኙ ጥልቅ እንቅልፍ አይወስደውም፤ ድምፅ ይጠብቃል። ይህ ግን የመጀመሪያው ሌሊት ነገር ነው። ሁለት ወር ከሆነሽ ምክንያቱን ከቤቱ አቀማመጥ ፈልጊው። እኔ እንቅልፌ የተመለሰው አልጋዬን ከጋራው ግድግዳ አንስቼ ወደ ሌላው ጥግ ሳዞር ነው። ዛሬ ማታ ሞክሪው።

ደረጃ ሥር፦

ስለ ስሙ እኔ ልናገር። የምኖረው ምድር ቤት፣ ደረጃው አፍ ላይ ነው። ከሁሉም ፎቅ ሰው አውቃለሁ፣ እሱም ከማንም በላይ ተግባቢ ስለሆንኩ አይደለም፣ ሁሉም በበሬ ስለሚያልፍ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሊዮን ፌስቲንገርና ባልደረቦቹ በአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ የተማሪ መኖሪያ ያጠኑትን እ.ኤ.አ. በ1950 አሳትመዋል፦ በር ለበር ከሚኖሩት 41 በመቶው ወዳጅ ነን ሲሉ፣ በኮሪደሩ ሁለት ጫፍ ካሉት ግን 10 በመቶው ብቻ። ደረጃው አጠገብ የሚኖሩት ደግሞ ከላይኛው ፎቅ ሰዎች ጋር የተሻለ ይተዋወቁ ነበር።

ስለዚህ ሰው ከሚያልፍበት ቦታ አትሽሺ። ሰላምታ ብቻውን ደረቅ ነው፣ እነሱ የሚያውቁትን አንቺ የማታውቂውን ነገር ጠይቂ። ቆሻሻ የሚነሳው መቼ ነው? ውሃ ሲጠፋ አስቀድሞ ይነገራል? ሰው እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲጠየቅ ደስ ብሎት ያስረዳል፣ ስሙም በዚያው ይመጣል።

ዝምተኛው፦

በጥያቄው ሐሳብ እስማማለሁ፣ ግን አትቸኩሉባት። ጎረቤት ሁሉ ወዳጅ አይሆንም፣ መሆንም የለበትም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ስታንሊ ሚልግራም እ.ኤ.አ. በ1972 ስለ «የሚታወቁ እንግዶች» ጽፏል፤ በየቀኑ አንድ ጣቢያ ላይ ባቡር እየጠበቁ፣ መልክ ለመልክ የሚተዋወቁ ግን ተነጋግረው የማያውቁ ሰዎች ማለት ነው። ያም ዝምድና ነው። እኔ በበኩሌ በየጠዋቱ መስኮቷ ላይ የማያትን አሮጊት ስሟን ሳላውቅ አንድ ቀን ስታጣኝ ትጨነቃለች ብዬ አምናለሁ፣ እኔም ስለሷ እንደዚያው።

አንድ ነገር ግን አደራ። ከላይ ያሉትን አባት መጀመሪያ የምታናግሪያቸው ስለ እርምጃቸው እንዳይሆን። ወቀሳ የመጀመሪያ ንግግር ከሆነ በኋላ ለማስተካከል ዕድሜ ይፈጃል።

የሦስተኛ ፎቋ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አልጋውን አዙሬዋለሁ፣ ሁለት ሌሊት ደህና ተኛሁ።

ትናንት ደግሞ ያቺን እጀታ የምትሞክረውን ሴት ደረጃው ላይ አገኘኋትና ቆሻሻ መቼ እንደሚነሳ ጠየቅኳት። ነገረችኝ፣ ስሟንም ነገረችኝ። ከዚያ ትንሽ ቆም ብላ «ማታ ማታ ወንበር የምትጎትቺው አንቺ ነሽ?» አለችኝ። እሷም በጆሮዋ ታውቀኝ ኖሯል! ይቅርታ ብያት ወጣሁ፤ ማታውኑ ከወንበሮቹ እግር ሥር ወፍራም ጨርቅ ለጠፍኩ።

ይህን ስጽፍ ልጁ ከግድግዳው ወዲያ እያነበበ ነው። የትናንቱን ቃል ዛሬ ሳይደናቀፍ አለፈው።