ኒውሮፊድባክ ለቦርደርላይን ይረዳል? ከንግግር ሕክምና ጋርስ እንዴት ይጣመራል?

ጥያቄ፦ ታላቅ እህት (ሀዋሳ)

ጤና ይስጥልኝ። በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ የምትገኘው ታናሽ እህቴ ቦርደርላይን የሚባለው የስብዕና መታወክ እንዳለባት ሐኪም ከነገረን ቆይቷል። ከዚያ በፊት ብዙ ተንከራትተናል፤ ጸበል ወስደናታል፣ ጸሎት አስይዘናል፣ «ቅብጠት ነው» ያሉን ዘመዶችም ነበሩ። እጮኛዋ ስልኩን ካላነሳ ደጋግማ ትደውላለች፤ ካልመለሰላት «ጥሎኝ ሄዷል» ብላ ክፍሏን ትቆልፍና ራሷን ትጎዳለች። ማታ መጥቶ ስብሰባ ላይ እንደነበር ሲያስረዳት ደግሞ ቡና አፍልታ፣ ስቃ ታስተናግደዋለች፤ ቤተሰቡ ግን ሳይተኛ ያድራል።

አሁን በየሳምንቱ የሥነ ልቦና ባለሙያ ታያለች፤ ለውጡ አዝጋሚ ቢሆንም ራሷን መጉዳቷ እየቀነሰ ነው። በዚህ መሃል አንድ የግል ማዕከል ኒውሮፊድባክ ስለተባለ የአንጎል ሥልጠና ነገረን። የአንጎሏ ሞገድ ከተስተካከለ የንግግር ሕክምናው እንደማያስፈልጋት ገልጾ የሙሉ ኮርሱን ክፍያ በቅድሚያ ጠየቀን። እናታችን ትልቅ ተስፋ ጥላበታለች። እኔ ግን ሁለቱንም የመክፈል አቅም ስለሌለን፣ የያዝነውን ጥለን ወደማናውቀው እንዳንሄድ ሰግቻለሁ። ሥልጠናው ለዚህ ሕመም በእርግጥ ይረዳል? የሚረዳ ከሆነስ ከንግግር ሕክምናው ጋር እንዴት ይጣመራል?

መልስ፦ የሥነ ልቦና ባለሙያ

እህቴ፣ ስጋትዎ ተገቢ ነው። የጀመራችሁትን ሕክምና በምንም ምክንያት እንዳታቋርጡ እመክራለሁ።

ኒውሮፊድባክ ወደ አንጎል ኤሌክትሪክ የሚልክ ማሽን አይደለም። ጭንቅላት ላይ ትንሽ ጄል ተቀብቶ ኤሌክትሮዶች ይለጠፋሉ፤ ማሽኑ የአንጎልን ሞገድ እየለካ ውጤቱን ወዲያውኑ በስክሪን ያሳያል። ሠልጣኟ ፊልም እያየች ሳለ የተመረጠው ሞገድ ከተፈለገው መጠን ሲወጣ ምስሉ ይደበዝዛል፣ ሲመለስ ይጠራል፤ አንጎል በዚህ ሽልማት አማካይነት ቀስ በቀስ ይማራል ተብሎ ይታሰባል። ሐሳቡ ከሜዳ የመጣ አይደለም። ጀርመናዊው ሐንስ በርገር የሰውን የአንጎል ሞገድ ለመጀመሪያ ጊዜ የመዘገቡት እ.ኤ.አ. በ1924 ነው፤ በ1960ዎቹ ደግሞ አሜሪካዊው ተመራማሪ ባሪ ስተርማን ድመቶች ከ12 እስከ 15 ኸርዝ ያለውን ሞገድ በምግብ ሽልማት እንዲጨምሩ ማሠልጠን እንደሚቻል አሳይተዋል።

ከቦርደርላይን ጋር በተያያዘ የተመራማሪዎችን ትኩረት የሳበው ፍርሃትንና ስጋትን በማስተናገድ ረገድ ትልቅ ድርሻ ያለው አሚግዳላ የተባለው የአንጎል ክፍል ነው። ይህ ክፍል በጥልቀት የተቀመጠ በመሆኑ ጭንቅላት ላይ የተለጠፈ ኤሌክትሮድ በቀጥታ ሊለካው አይችልም፤ ስለዚህ በጀርመን የማንሃይም ተመራማሪዎች የአንጎልን ውስጥ የሚያሳየውን ኤምአርአይ የተባለ ማሽን ተጠቀሙ። እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጥናት 8 ታካሚዎች አስጨናቂ ሥዕሎችን እያዩ፣ የአሚግዳላቸውን እንቅስቃሴ በስክሪን እየተከታተሉ ለማብረድ በ4 ዙር ሠልጥነዋል። ውጤቱ ተስፋ ይሰጣል፤ ሆኖም ታካሚዎቹ ጥቂት ናቸው፣ ማነጻጸሪያ ቡድንም አልነበራቸውም። የማዕከሉ ማሽን የኢኢጂ፣ ማለትም ጭንቅላት ላይ በሚለጠፉ ኤሌክትሮዶች ሞገድ የሚለካ ከሆነ ደግሞ የዚህን ጥናት ውጤት ለራሱ ማስረጃ አድርጎ ሊያቀርብ አይችልም።

ማነጻጸሪያ ቡድን የሚያስፈልግበትን ምክንያት የትኩረት ማነስ ባለባቸው 144 ሕፃናት ላይ በአሜሪካ የተደረገው ጥናት በሚገባ ያሳያል። ከፊሎቹ እውነተኛውን ሥልጠና፣ ከፊሎቹ ደግሞ በመልክም በጊዜም የማይለይ የማስመሰያ ሥልጠና ወሰዱ፤ የትኛውን እንደወሰዱም አያውቁም ነበር። ሁለቱም ቡድኖች ተሻሻሉ፤ በመካከላቸው ግን ጉልህ ልዩነት አልተገኘም። መሻሻሉ እውነት ነው፤ የመጣው ግን ከሞገዱ ሥልጠና ሳይሆን ከተስፋው፣ ከክትትሉና በመደበኛነት ከመመላለሱ ሊሆን ይችላል።

የንግግር ሕክምናው ማስረጃ ከዚህ ይበልጣል። አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ባለሙያ ማርሻ ላይነሃን ዲቢቲ የተባለውን፣ ስሜትን የመቆጣጠር ክህሎት የሚያስተምር የንግግር ሕክምና በንጽጽር ፈትሸው ራስን መጉዳትን እንደሚቀንስ ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። ሙሉው ዲቢቲ የግል ቀጠሮ፣ የቡድን ክህሎት ሥልጠና፣ የስልክ ድጋፍና የባለሙያዎች የምክክር ቡድን ስላለው እኛ ዘንድ ማሟላቱ ከባድ ነው። ይሁንና በካናዳ 180 ታካሚዎችን ያሳተፈውና እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው ጥናት፣ ዲቢቲን ሕመሙን በሚያውቅ ሐኪም ከሚሰጥ መደበኛ ሳምንታዊ ክትትል ጋር አነጻጽሮ ከአንድ ዓመት በኋላ ጉልህ ልዩነት አላገኘም። እህትዎ በየሳምንቱ የምታገኘው ክትትል ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ከሆነ «ተራ ወሬ ነው» ተብሎ የሚጣል አይደለም።

ማጣመር ከተፈለገ ግን መሪው የንግግር ሕክምናው መሆን አለበት። ከመጀመራችሁ በፊት ባለሙያዋና እህትዎ አንድ ግብ ይምረጡ፤ ለምሳሌ ንዴቷ ከተነሣ በኋላ ለመረጋጋት የሚፈጅባትን ጊዜ ማሳጠር ሊሆን ይችላል። በየዕለቱ ራሷን የመጉዳት ፍላጎቷን ከ0 እስከ 5 እየመዘነች ትጻፍ፤ ሥልጠናው ሳይጀመርም ለጥቂት ሳምንታት ትመዝግብ፣ ያለዚያ ለውጡ ከየት እንደመጣ አይታወቅም። በእያንዳንዱ የሥልጠና ቀን የመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ስክሪኑ ይጥፋ፤ ያልተነሳውን ስልክ በሐሳቧ አምጥታ ያለ ማሽኑ ራሷን ማረጋጋት ትለማመድ፣ ያጋጠማትንም በሚቀጥለው ቀጠሮ ለባለሙያዋ ታንሳ። ይህ ከሌለ የተማረችው ነገር ወንበሩ ላይ ይቀራል።

መልስ፦ ከሕመሙ ጋር የምኖር

ታላቅ እህቴ፣ እኔም ይህ ሕመም አለብኝ፤ ሁለቱንም ጎን ለጎን ሞክሬያለሁ። ሥልጠናው ላይ እርጋታ ምን እንደሚመስል በሰውነቴ አውቄያለሁ፤ ትከሻዬ ሲወርድ፣ ጥርሴን መንከሴን ሳቆም ምስሉ ይጠራ ነበር። ነገር ግን ከዚያ ወጥቼ ገና ባጃጅ ውስጥ ሳለሁ አንዲት ጓደኛዬ መልእክቴን አይታ ስላልመለሰችልኝ ብቻ እንደገና ተናወጥኩ። በዚያች ሰዓት የደረሰልኝ በንግግር ሕክምናው የተማርኩት ነው፤ ቤት ገብቼ ትንፋሼን ይዤ ፊቴን በሳፋ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ነከርኩ፣ የልቤ ምት እስኪሰክንም ስልኬን ለወንድሜ ሰጠሁት። የልብ ሕመም ያለበት ሰው ይህን ሐኪሙን ሳይጠይቅ እንዳያደርግ። እህትዎን ስለ ውሳኔው ጠይቀዋት ያውቃሉ? በጽሑፍዎ ውስጥ የእናታችሁን ሐሳብ አነበብኩ፣ የእርሷን ግን አላየሁም።

መልስ፦ የአእምሮ ጤና ነርስ

ሁለት ነገር ልጨምር። በኢኢጂ የሚሠራ የአንጎል ካርታ ቦርደርላይንን አይመረምርም፤ ምርመራው የሚደረገው በቃለ መጠይቅና በሕይወት ታሪክ ነው። እንደ ዳያዜፓም ያሉ ማስታገሻዎች ቤታ የተባለውን ሞገድ ስለሚጨምሩ፣ የመድኃኒቱ ውጤት የአንጎል ችግር ተብሎ እንዳይተረጎም የምትወስደውን ሁሉ አስቀድማችሁ ተናገሩ። በልጅነቷ ጉዳት ደርሶባት ከሆነ ወይም አንዳንዴ ከራሷ የተለየች ያህል የምትደነዝዝ ከሆነ፣ ዓይን ተጨፍኖ የሚደረገውን የጥልቅ መዝናናት ሥልጠና ባለሙያዋ ሳታውቅ አታስጀምሯት፤ የተቀበረ ትዝታ በድንገት ሊቀሰቀስባት ይችላል።

ታላቅ እህት

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እህቴን ጠየቅኋት፤ ባለሙያዋን መተው እንደማትፈልግ፣ ማሽኑን ግን ለመሞከር ፈቃደኛ እንደሆነች ነገረችኝ። ማዕከሉ ግን ክፍያውን አልከፋፍልም ብሏል። ምን ላድርግ?

የሥነ ልቦና ባለሙያ

ካልከፋፈለ አትጀምሩ። ለጥቂት ጊዜ ብቻ ሞክሮ መዝገቡን አይቶ የመወሰን መብት ሊኖራችሁ ይገባል፤ ያንን የሚፈቅድ ሌላ ቦታ እስኪገኝ ብትጠብቁ እህትዎ የሚቀርባት ነገር የለም። እርሷ ከፈቀደች እናታችሁን ይዛችሁ ባለሙያዋ ዘንድ ቀርባችሁ፣ ገንዘቡ ቢተርፍ በሳምንት ሁለተኛ ቀጠሮ ይሻል እንደሆነ ጠይቁ፤ የእኔ ግምት ይሻላል ነው። ራሷን የመጉዳት ሐሳብ ከበረታባት ግን ቀጠሮ ሳትጠብቁ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ወደ ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰዷት፤ የምትወስዳቸውን መድኃኒቶች ዝርዝር መያዝ አትርሱ።