የሞንስቴራዬ ቅጠል እየተጠቀለለ ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ ማንን ላማክር? ምን ልግዛ?

ሰላም ቤተሰብ። የምኖረው ሰሚት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው። ሞንስቴራዬን፣ ያቺን ሰፋፊ ቅጠል ያላትን የቤት ተክል፣ ነሐሴ ላይ ገዝቼ ሳሎን መስኮት ሥር አስቀመጥኳት፤ ክረምቱን አማረባት። ከኅዳር ወዲህ ግን ቅጠሎቿ እንደ ሲጋራ ጥቅልል እያሉ ነው። አንዱ መድኃኒት ርጪ ይለኛል፣ ሌላው ማዳበሪያ ጨምሪ፣ እናቴ ደግሞ የቡና አተላ ትደፋባታለች። ቤት ድረስ መጥቶ የሚያይ ሰው አለ? መድኃኒትስ የትኛው ይሻላል?

—

እህቴ፣ ገንዘብሽን መጀመሪያ ያዥው። ባለሙያም መድኃኒትም ከመፈለግሽ በፊት አሥር ደቂቃ ተክሏ ጋ ቁጭ በይ።

ጣትሽን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ ክተቺ። አፈሩ ደርቆ ከቫዞው ጠርዝ ከተላቀቀ፣ ቫዞውም ሲነሳ ከቀለለሽ ውኃ ጠምቷታል፤ ቅጠሏን የምትጠቀልለው ያላት እርጥበት እንዳይተን ነው። ላዩ ደርቆ ውስጡ ጭቃ ከሆነና መጥፎ ሽታ ካለው ግን ሥሩ በስብሷል። ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የበሰበሰ ሥር ውኃ መሳብ ስለማይችል ቅጠሉ የጠማው ይመስላል፤ እኛም አዝነን ሌላ ጆግ ውኃ እንደፋባታለን።

ቀጥሎ ቅጠሉን ገልብጠሽ እዪው። ከሥሩ ነጭ ወረቀት ይዘሽ መታ መታ አድርጊና የወደቀውን አቧራ ትንሽ ጠብቂው። መሄድ ከጀመረ ስፓይደር ማይት የሚባለው ደቃቃ ተባይ ነው። ስሱ ድር፣ ቅጠሉ ላይ ደግሞ በመርፌ የተወጋ የሚመስል ነጣ ያለ ነጠብጣብ ታያለሽ። ደረቅ አየር ይስማማዋል፤ ስለዚህ በጋ ነው ወቅቱ።

የአንቺ ግን ሌላ ነገርም ጠርጥሬያለሁ። መስኮትሽ ወደ ደቡብ ነው የሚያየው? አዲስ አበባ ክረምት ላይ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ነው የምታልፈው፤ ከነሐሴ መጨረሻ ጀምሮ ወደ ደቡብ ታጋድላለች። ነሐሴ ላይ ጥላ የነበረው ቦታ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ በቀጥታ ይመታል ማለት ነው፤ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ደግሞ ፀሐዩ ቀላል አይደለም። ሜትር ተኩል ወደ ውስጥ አስጊያት ወይም ስስ መጋረጃ ጣይበት። ይሄ ምንም አያስወጣሽም።

አሁን ወደ ጥቆማው። እኔ አምና በዚሁ ጉዳይ ሦስት ቦታ ሞክሬያለሁ።

መንገድ ዳር ያሉት ችግኝ ሻጮች ርካሾች ናቸው፤ እዚያው ቆመሽ ቫዞ ይቀይሩልሻል፣ ዋጋም ይከራከሩሻል። ችግራቸው አፈሩ ነው። የእኔን የሞሉልኝ በመረሬ፣ በጥቁር ጭቃማ አፈር ነበር፤ ሲረጥብ እንደ ማስቲካ ይጣበቃል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ለጤፍ ይሁን፣ ቫዞ ውስጥ ሥር ያፍናል። ከእነሱ ተክሉን ግዢ፣ አፈሩን ራስሽ አዘጋጂ።

ቢሮ ለቢሮ ተክል የሚንከባከቡት ድርጅቶች ንጹሕ ሥራ ይሠራሉ፣ ግን ለአንዲት ሞንስቴራ ማስመጣት አያዋጣም። አሥር ከዚያ በላይ ተክል ካለሽ ወይም ከጎረቤት ጋር ተባብረሽ ከሆነ ይሁን። እኔ በጥቆማ የማውቃቸው በቀን ሒሳብ የሚመጡ አትክልተኞች ይሻሉኛል፤ አበባ እርሻ ላይ የሠራ ሰው ካገኘሽ ደግሞ ወርቅ ነው። ስፓይደር ማይትን ከበር ሆኖ ያውቀዋል።

መድኃኒት መሸጫዎቹ ላይ ነው የተቃጠልኩት። ስሙን የማልጠራው አንድ ሱቅ ገብቼ «ቅጠሉ ተጠቀለለ» ስል፣ ሻጩ ሳያየው ከትልቅ ጠርሙስ በሃይላንድ ቀድቶ ሰጠኝ። ጽሑፍ የለው፣ መጠን የለው። ሳሎኑ ለሁለት ቀን ሸተተ፣ ተክሉም አልዳነም። በመጨረሻ ከቫዞው ብገለብጠው ሥሩ ቡኒ ሆኖ በእጄ ላይ እንደ በሰበሰ ሽንኩርት ሟሸሸ። ለካ ተባይም አልነበረውም! በሃይላንድ የተቀዳ መድኃኒት አትግዢ፤ ልጅ ያለበት ቤት ከሆነማ ጭራሽ።

ማይት ከሆነ ደግሞ ስሙን አይተሽ ነው መግዛት። ማይት ከሸረሪት ወገን ስለሆነ፣ ለነፍሳት ብዙ ጊዜ የሚሸጠው ኢሚዳክሎፕሪድ አይገድለውም፤ የሚሠራበት አባሜክቲን ነው። ቤት ውስጥ ግን እኔ በሳሙና ነው የምጀምረው። አንድ ሊትር ውኃ ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ለስላሳ ፈሳሽ ሳሙና፣ በረኪና ያልገባበት። መጀመሪያ ቅጠሎቹን ሻወር ሥር እጠቢያቸው፣ ቀጥሎ በተለይ የቅጠሎቹን ጀርባ እርጪ፣ ፀሐይ ሳይነካቸው። እንቁላሉን ስለማይገድል በየስድስት ቀኑ ሦስት ጊዜ ድገሚው። አንድ ጊዜ ረጭተው «አልሠራም» የሚሉት ናቸው የሚበዙት።

ገንዘብ የማወጣው አፈርና ቫዞ ላይ ነው። ብሎኬት ማምረቻ ሄደሽ ፐሚስ ጠይቂ፤ ያ ግራጫማ ቀላል ድንጋይ ነው። አጥበሽ፣ ዱቄቱን አስወግደሽ፣ ከጫካ አፈርና ከኮምፖስት ጋር እኩል እኩል ቀላቅዪው። አፈር ለማላላት ከውጭ የሚገባውን ፔርላይት ዋጋ ካየሽ በኋላ ታመሰግኚኛለሽ። ፐሚስ ካጣሽ የታጠበ ቀይ አሽም ይሆናል፣ ብቻ ይከብዳል። ቫዞ ደግሞ ውኃ ማብዛት ልማድሽ ከሆነ የቀጨኔ ሸክላ፣ ሥሩ የተበሳ፤ ሸክላው ራሱ ይተነፍሳል። የምትረሺ ከሆነ ፕላስቲክ ይሻልሻል። ያ ቀዳዳ የሌለው የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ ለፎቶ ነው።

—

ከአዳማ ነኝ። ወንድሜ ጥሩ ብለሃል፣ ውኃውን ግን ዘለልከው። በስምጥ ሸለቆ ብዙ ቦታ የጉድጓድ ውኃ ፍሎራይድ ይበዛበታል። ድራሴና የምትባለው የቤት ተክሌ በዚህ ሰበብ ቅጠሏ ጫፍ ጫፉ እየተቃጠለ አስቸግራኝ ነበር። ውኃ አሳድሮ ማጠጣት ለክሎሪን ይረዳል፣ ፍሎራይድ ግን አይሄድም፤ ማፍላትም እንዲያውም ያከማቸዋል። እኔ የክረምት ውኃ በበርሜል ይዤ ለእሷ ብቻ እቆጥባለሁ። ሰው ይስቅብኛል።

—

እውነትህን ነው ወንድሜ፣ ተምሬያለሁ። እሷ ሰሚት ስለሆነች ነው የዘለልኩት። ለሞንስቴራም ድራሴናን ያህል አያሰጋም።

—

እንደ እኔ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ላላችሁ ደግሞ፦ እዚህ በብርዱ ወቅት ሂተሩ አየሩን ያደርቀዋል፣ ተመሳሳይ ጥቅልል ይመጣል። ተክሉን ከሂተሩ መውጫ አርቁት። በየቀኑ ውኃ እፍ እፍ ማለት ጥቅሙ ብዙም አይቆይም፤ ሂዩሚዲፋየር፣ አየር የሚያረጥብ ማሽን፣ ብትገዙ ይሻላል።

—

አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። ወረቀቱ ላይ የሚሄድ ነገር የለም። መስኮቱ ግን በትክክል ወደ ደቡብ ነው! ጣቴን ሳስገባ ላዩ የቡና አተላ ቅርፊት ሠርቷል፣ ትንንሽ ዝንቦችም ይነሳሉ፣ ከሥሩ ጭቃ ነው። ገልብጬ አየኋት፤ ገሚሱ ሥር ነጭ ነው፣ ገሚሱ ቡኒ።

—

እንግዲያው ተርፋለች። ቡኒውን በንጹሕ መቀስ ቁረጪ፣ ነጩን አትንኪ፣ በአዲሱ አፈር ትከያትና አፈሩ ላዩን እስኪደርቅ ውኃ አትጨምሪ። ለሁለት ወር ማዳበሪያ የለም። የተጠቀለለው አሮጌ ቅጠል ላይዘረጋ ይችላል፤ አዲስ የሚወጣውን ተመልከቺ።

—

እሺ ወንድሜ። አተላውን ግን ለእማዬ ማን ይንገርልኝ?