ለገና ስምንት ቤት፣ 4,000 ብር፦ ለየቤቱ የሚስማማ ስጦታ ምን ይሁን?

የኮተቤዋ፦
ጤና ይስጥልኝ። ለገና ባዶ እጄን የማልሄድባቸው ስምንት ቤቶች አሉ፤ ለሁሉም የመደብኩት 4,000 ብር ነው። አንዷ ብቻቸውን የሚኖሩ አክስቴ ናቸው፣ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። አንዱ የባለቤቴ ወላጆች ቤት ነው። ሦስቱ ልጆች ያሏቸው ጎረቤቶች ናቸው፣ ከነሱ አንዱ ሙስሊም ቤተሰብ ነው። የቀሩት ሦስቱ የሥራ ባልደረቦቼ ናቸው። አንድ ዓይነት ብስኩት በፌስታል ይዤ ቤት ለቤት መዞር አልፈልግም፤ ለዚያ ቤት አስቤ እንደመጣሁ ቢታወቅልኝ ደስ ይለኛል። ብሩ ይኸው ነው፤ ጊዜ ግን አለኝ፣ እጄም ሥራ ይችላል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ባለ ጓዳ፦
እህቴ፣ ከዕቃው በፊት ቀኑን ወስኚ። በበዓሉ ዕለት የሚደርስ ነገር ከገበታው ያመልጣል፤ ወጡ ተሠርቷል፣ ዳቦው ተቆርሷል። ታኅሣሥ 26 ወይም 27 ብታደርሺ ግን ቤቱ ገና እየሸመተና እየከተፈ ነውና የወሰድሽው በቀጥታ ድስት ውስጥ ይገባል።

ለአክስትሽ በነፍሱ ያለ ዶሮ አትውሰጂ። ብቻቸውን ለሚኖሩ አዛውንት ሸክም ነው፦ የሚያርድ መፈለግ፣ መንጨት፣ መለብለብ፣ መበለት፣ በሎሚና በጨው ደጋግሞ ማጠብ። ከዚህ ሁሉ በላይ ጉልበት የሚጨርሰው ደግሞ ሽንኩርቱ ነው። ስለዚህ ቁሌቱን ሠርተሽ ውሰጂላቸው።

ለአንድ መካከለኛ ዶሮ 2.5 ኪሎ ቀይ ሽንኩርት በቢላ አድቅቀሽ ክተፊ። በማሽን ከተፈጨ ውሃው ስለሚወጣ ይቀቀላል እንጂ አይቁላላም፣ ጣዕሙም ወደ መራራነት ያደላል። ወፍራም ድስት ላይ ያለ ዘይት፣ በመካከለኛ እሳት፣ እያማሰልሽ 40 ደቂቃ ያህል ውሃው እስኪመጥና ቀለሙ እስኪለወጥ አቁላዪው። ከዚያ 1 ብርጭቆ ዘይት፣ ቀጥሎ 150 ግራም በርበሬ፤ እሳቱን ቀንሰሽ ሙቅ ውሃ ጠብ እያደረግሽ ሌላ 45 ደቂቃ። በርበሬ የሚያርረው ውሃው ሲዘገይበት ነው፤ አንዴ ካረረ ደግሞ ቅቤም መከለሻም አይመልሰውም። ስለዚህ በዚህ ሰዓት ከድስቱ አጠገብ አትራቂ።

ጾሙ እስኪፈታ ቅቤ አትጨምሪበት። ቅቤውን፣ ዶሮውንና መከለሻውን እሳቸው በራሳቸው እጅ ይጨርሱት፤ ወጡ የራሳቸው ወጥ መሆኑ ትልቅ ነገር ነው። ሙሉ በሙሉ ከቀዘቀዘ በኋላ በክዳን ዕቃ አድርገሽ ውሰጂው፤ ማቀዝቀዣ ውስጥ አራት አምስት ቀን በደህና ይቆያል።

ከሱ ጋር 12 እንቁላል ጨምሪ። ከመግዛትሽ በፊት ባለሱቁ ፈቃደኛ ከሆነ፣ ካልሆነም ቤት ስትደርሺ በጎድጓዳ ዕቃ ውሃ ፈትኚው፦ ታች ተጋድሞ የሚቀር ትኩስ ነው፤ ቀጥ ብሎ የሚቆም ሰንብቷል ግን ይበላል፤ የሚንሳፈፈውን አውጪው።

ባለ ምጣድ፦
ለሦስቱ ባልደረቦችና ለልጆቹ ዳቦ ቆሎ እላለሁ። በዘይት ከተሠራ ጾም ስለሆነ ቀድሞ ቢደርስም ችግር የለውም፣ ወጪውም ትንሽ ነው።

ለ1 ኪሎ የስንዴ ዱቄት፦ ጨው 2 የሻይ ማንኪያ፣ ስኳር 3 የሾርባ ማንኪያ፣ በርበሬ 1 የሾርባ ማንኪያ፣ ዘይት 100 ሚሊ ሊትር፣ ውሃ ከ350 እስከ 400 ሚሊ ሊትር። እርሾ አይገባበትም። ዘይቱን መጀመሪያ ከዱቄቱ ጋር በእጅ እሹት፣ ከዚያ ውሃውን ጥቂት በጥቂት። ሊጡ ከዳቦ ሊጥ ጠንከር ማለት አለበት፤ ጣት ላይ ከተጣበቀ ውሃ በዝቷል። 20 ደቂቃ ሸፍነው ያሳርፉት፣ በእርሳስ ውፍረት ያድቦልቡሉት፣ በ1 ሴንቲ ሜትር ይቁረጡት። ሦስት ቦታ ከፍለው እያንዳንዱን በዝግ እሳት፣ ሳያቋርጡ እያመሱ 30 ደቂቃ ያህል ይቁሉት። ኦቨን ካለ በ170 ዲግሪ ከ25 እስከ 30 ደቂቃ፤ መሀል ላይ ሁለቴ ያገላብጡት።

ዳቦ ቆሎ የሚበላሸው በሁለት ምክንያት ነው። አንዱ የእሳት መቸኮል ነው፦ ላዩ ይቀላል፣ መሀሉ ሊጥ ሆኖ ይቀርና በሦስተኛው ቀን ይለሰልሳል፣ ቆይቶም ይሻግታል። አንዷን ፍሬ አቀዝቅዘው ይንከሱ፤ ጥርስ ላይ ከለጠፈ ይመለስ። ሁለተኛው በትኩሱ ማሸግ ነው፤ እንፋሎቱ ክዳኑ ላይ ውሃ ሆኖ ይወርድበታል። ሰፌድ ላይ ዘርግተው ሁለት ሰዓት ይጠብቁ። ከ1 ኪሎ ዱቄት 1 ኪሎ ያህል ስለሚወጣ ለአንድ ቤት 400 ግራም ቢሰጡ 2.5 ኪሎ ዱቄት ለስድስት ቤት ይበቃል። ለልጆች ያለ በርበሬ ይሥሩ። ኦቾሎኒ መቀላቀል ያምራል፤ የማይስማማው ሰው ሊኖር ስለሚችል ግን ለብቻው በትንሽ ወረቀት ይጠቅልሉት።

ነጭ ማሰሮ፦
ለባለቤትሽ ወላጆች ንጥር ቅቤ ነው። በዚህ ብር ከዚያ የሚከብር ነገር አይገኝም። 1 ኪሎ ለጋ ቅቤ ገዝተሽ 500 ግራም ንጥሩን ለነሱ አድርጊ፣ ትራፊው ለራስሽ በዓል ይሆናል። ለጋ ቅቤ ውሃና አሬራ አለበትና ከኪሎው ሲነጠር 750 ግራም አካባቢ ቢቀር አትደንግጪ።

ቅቤውን በቀዝቃዛ ውሃ እጠቢ፣ በዝግ እሳት አቅልጪ፣ የሚወጣውን አረፋ በማንኪያ ግፈፊ። አረፋው ሲቀንስ አንድ ራስ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት፣ አውራ ጣት የሚያህል ዝንጅብል፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ኮሰረት፣ 1 የሾርባ ማንኪያ በሶብላ፣ ከአምስት ስድስት ፍሬ የተፈለፈለ ኮረሪማ፣ 1 የሻይ ማንኪያ አብሽ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ እርድ። መንተክተኩ ጋብ ብሎ ከላይ ጥርት ሲል አውርጂው። ታች ያለው አተላ ከጠቆረ ቅቤው በሙሉ የቃጠሎ ሽታ ይይዛል። ሲረጋጋ በንጹሕ ጨርቅ አጥልዪው።

ማሰሮው ጠብታ ውሃ እንዳይኖርበት። ብርጭቆ ከሆነ 10 ደቂቃ ቀቅለሽ ደፍተሽ አድርቂው፤ ውሃ ያገኘው ቅቤ ይሻግታል።

ስትገዢ የማንኪያ ጫፍ ታህል አቅልጠሽ እዪ፦ ሙዝ ወይም ሌላ ባዕድ ነገር ካለበት ታች ዝቃጭ ይተዋል። የአትክልት ስብ ከተቀላቀለበት ግን በዚህ አይለይም፤ እዚያ ላይ የሚያዋጣው የታወቀ ሻጭ ብቻ ነው። እነሱ ጋ ታኅሣሥ 27 አድርሺው፤ ጾሙ እስኪያልቅ ተከድኖ ይቀመጣል።

የኮተቤዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ሁለት ነገር ቀረኝ፦ ለሙስሊሞቹ ጎረቤቶቼ ዳቦ ቆሎ ብቻ ያንስ ይሆን? ደግሞስ ዳቦ ቆሎውን ከሁለት ሳምንት በፊት ብሠራው?

ባለ ምጣድ፦
በደንብ ከደረቀና አየር በማያስገባ ዕቃ ከተዘጋ ሦስት ሳምንትም ይቆያል፤ ዘይቱ አዲስ ይሁን እንጂ። አንዴ የተጠበሰበት ዘይት ሽታው በሳምንት ውስጥ ይለወጣል።

ጀበና፦
ለሙስሊሞቹ ቤት ሥጋም ወጥም አይሁን፤ ክርስቲያን ያረደውን ስለማይበሉ ይሉኝታ ውስጥ ትከቻቸዋለሽ። የቡና ስጦታ ግን ሁሉም ቤት ይገባል፦ ግማሽ ኪሎ ጥሬ ቡና፣ ግማሽ ኪሎ ስኳር፣ አንድ እፍኝ ዕጣን። ጥሬውን ነው የምልሽ። የተቆላ ቡና በሳምንታት፣ የተፈጨ በቀናት ሽታው ይሸሻል፤ ጥሬ ቡና ደረቅ ቦታ ለወራት ይቀመጣል፣ መቁላቱም ለቤቱ ደስታ ነው። ግማሽ ኪሎው ሲቆላ 410 ወይም 420 ግራም ይሆናል።

ቡናውን ሰፌድ ላይ አፍስሰሽ ልቀሚው። የጠቆረውን፣ የተበሳውን፣ የተሰበረውን ሁሉ አውጪ። አንዲት የበሰበሰች ፍሬ የጀበናውን ጣዕም ታበላሻለች። ተለቅሞ የመጣ ቡና ሴትየዋ ገና ከረጢቱን ስትከፍት ታውቀዋለች፣ ከዋጋው ይልቅ የምታስበውም እሱን ነው። ዕጣኑን ለብቻ ቋጥሪው፤ አብሮ ከታሸገ ቡናው ሽታውን ይስባል።

ማር ብታስቢም ጥሩ ነው፤ ብቻ ረግቶ ስላየሽው ስኳር ገብቶበታል ብለሽ አትተዪው። ንጹሕ ማርም ይረጋል።

ባለ ጓዳ፦
ለወንዶቹም ለሴቶቹም ልጆች አንድ ነገር ልጨምር፦ የገና ዱላ። ጫፉ ቆልመም ያለ፣ ቁመቱ የልጁ ወገብ ድረስ የሚደርስ እንጨት ይበቃል። ቅርፊቱን ላጪ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሺ፣ መያዣውን በጨርቅ ጥብጣብ ጠምጥሚ። ሩሩ፣ ማለትም በዱላው የሚመታው ኳስ፣ ከእንጨት ከሆነ የልጅ ቅልጥም ይመታል፤ በጠባብ ሰፈር መስኮትም አለ። አሮጌ ካልሲ ውስጥ ቁርጥራጭ ጨርቅ አጥብቀሽ ጠቅጥቂ፣ በሲባጎ ዙሪያውን ጠምጥሚ፣ ዳሩን ስፊ። የብርቱካን መጠን ይበቃዋል። ላላ ካለ ሲመታ ስለማይንከባለል እየጠመጠምሽ መሬት ላይ እያንከባለልሽ ሞክሪው። ለአንድ ቤት ቢያንስ ሁለት ዱላ አድርጊ፤ አንድ ብቻ ከሆነ ልጆቹ ይጣሉበታል።