ኮሮላዬ ከቆመችበት ስትነሳ ታንገራግራለች፤ ቆማ ሲረገጥ ግን ደህና ናት

ጥያቄ፦ ከደብረ ማርቆስ

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። መኪናዬ ቶዮታ ኮሮላ ናት። የፈረንጅ 2004 ሞዴል፣ ቤንዚን፣ ባለ ኢንጄክተር፣ ማኑዋል ማርሽ። ሰሞኑን አንድ ጠባይ አመጣች። ከቆምኩበት ልነሳ ቤንዚን ስሰጣት ለአፍታ ትይዘኛለች። እግሬ ፔዳሉን ረግጦታል፣ እሷ ግን አትሄድም። እንደ መታፈን ትልና ድንገት ትፈናጠራለች። ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ስቀይርም እንዲሁ ናት።

ዳገት ላይ ይብስባታል። ከአባይ ድልድይ ወደ ደጀን ስወጣ ሲኖትራክ ቀድሜ ለማለፍ ስረግጥ ያዘችኝ። መንገዱን ለምታውቁት ምን ማለት እንደሆነ መንገር አያስፈልገኝም።

ሚኒሞዋ (ቤንዚን ሳይረገጥ የምትዞርበት) ደህና ነው። ባዶ ማርሽ ላይ ቆማ ብረግጣት ያለ ምንም ችግር ትጮሃለች። ቼክ ኢንጂን መብራቱ አንዳንዴ ይበራል፣ ደግሞ ይጠፋል። ካንዴላ ቀይሬያለሁ፣ ለውጥ የለም። የአየር ፊልትሮውም ተነፍቷል። አንድ ጋራዥ ወስጃት «የነዳጅ ፓምፑ ደክሟል፣ ይቀየር» አሉኝ። ፓምፑ ደግሞ ርካሽ አይደለም። ከመግዛቴ በፊት ምን ልፈትሽ?

መልስ፦ ሹፌር፣ ከፍኖተ ሰላም

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ቤንዚኑን ጠርጥር። የማደያ ወረፋ ሲረዝም ሁላችንም ከመንገድ ዳር በጀሪካንና በሃይላንድ እንገዛለን። እዚያ ውስጥ ውሃም ነጭ ጋዝም ሊኖር ይችላል። ትንሽ ቤንዚን ንጹህ የመስታወት ጠርሙስ ውስጥ ቅዳና ሳትነካካው አስቀምጠው። ውሃ ካለበት ከታች ይዘቅጣል፣ መለያ መስመሩም በዓይን ይታያል። ነጭ ጋዝ ግን ከቤንዚን ጋር ስለሚዋሃድ በዚህ አይለይም። እሱን ነጭ ወረቀት ላይ ጠብ አድርገው። ንጹህ ቤንዚን ተንኖ ይሄዳል። ነጭ ጋዝ የገባበት እንደ ቅባት ያለ ምልክት ይተዋል። ይህን ስታደርግ ከእሳትና ከሲጋራ ራቅ በል።

መልስ፦ ከደጀን

ይሄ የአባይ በረሃ ጣጣ ይመስለኛል። ታች ድልድዩ ጋ ሙቀቱ ሌላ ነው፤ ቤንዚን ቱቦ ውስጥ ይተንናል። እኛ ድሮ ፓምፑ ላይ እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርገን ነበር የምንወጣው። ደግሞ ወደ ላይ ስትወጣ አየሩ ይሳሳል፤ መኪናም እንደ ሰው ይደክመዋል።

መልስ፦ መካኒክ፣ ከደብረ ማርቆስ

የደጀኑ ወንድማችን ያለው ለካርቡራተር መኪና እውነት ነው። የዚያ ፓምፕ ሞተሩ ላይ ሆኖ ቤንዚኑን ይስባል፤ ሲሞቅ በአረፋ ይታነቃል። የኮሮላዋ ፓምፕ ግን ታንኩ ውስጥ ነው ያለው። ቤንዚኑን ገፍቶ ነው የሚልከው፣ ያውም ከ3 እስከ 3.5 ባር በሚደርስ ግፊት። በዚህ ግፊት የተያዘ ቤንዚን በቀላሉ አይፈላም። እርጥብ ጨርቅ ለእሷ ምንም አይሠራላትም።

ከፍታውም ቢሆን መልስ አይሆንም። ድልድዩ ከ1,000 ሜትር ብዙም አይበልጥም፣ ማርቆስ 2,400 ሜትር አካባቢ ነው። እዚህ ላይ አንድ ቱርቦ የሌለው ሞተር ባሕር ጠረፍ ላይ ከነበረው ጉልበት ሩብ ያህሉን ያጣል። ግን ሁልጊዜ ነው የሚያጣው። ከፍታ መኪናን ያደክማታል እንጂ አያስደነግጣትም። ይዞ የሚለቅ ነገር ሌላ ምክንያት አለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በኢንጄክተር መኪና እግርህ የሚከፍተው የአየሩን በር ብቻ ነው። ቤንዚኑን የሚሰፍረው ኮምፒውተሩ ነው። ድንገት ስትረግጥ አየር በአንድ ጊዜ ግር ብሎ ይገባል፤ ኮምፒውተሩም በዚያው ቅጽበት ቤንዚን መጨመር አለበት። ይህን ለማወቅ ሁለት ነገር ይጠይቃል። አንዱ በሩ ምን ያህል እንደተከፈተ የሚነግረው የቲፒኤስ ሴንሰር ነው። ሁለተኛው የገባውን አየር የሚለካው ማፍ የሚባለው ሴንሰር ነው። አንዱ ከዋሸው ወይም አየሩ በሌላ ቀዳዳ ሾልኮ ከገባ ቤንዚኑ ያንሳል። ያን ጊዜ ነው መኪናዋ የምትታፈነው።

ስለዚህ አያያዟን ለይ። ረግጠህ ለአፍታ ይዛህ ከዚያ በሙሉ ጉልበቷ ከሄደች፣ ነገሩ ከአየር ወይም ከሴንሰር ነው። ረግጠህ ይዘህ ዳገቱን እስክትጨርስ እየደከመች ከሄደች፣ ያኔ ፓምፑን፣ የነዳጅ ፊልትሮውን ወይም የተደፈነ ማርሚታን እንጠረጥራለን። ቦቢና (ለካንዴላው እሳት የሚሰጠው) ሲሆን ደግሞ ትቆራረጣለች፤ ወንበርህ ላይ ሆነህ ምት ምቱን ትሰማዋለህ። ቦቢና በክረምት፣ እርጥበት ሲበዛ ይብሳል።

አንተ እንደነገርከን የመጀመሪያው ነው። ፓምፑን አሁን አትግዛ። በጌጅ ይለካ። ጌጁን ስታገኝ ቆማ ብቻ አትለካት፤ ስትረገጥም ግፊቱ መውረድ አለመውረዱን እይ።

መልስ፦ የመኪና ኤሌክትሪሺያን፣ ከባሕር ዳር

ጋሼ መካኒኩ ባሉት ላይ ሁለት ነገር ልጨምር።

መጀመሪያ ስካነር፣ ማለትም የኮምፒውተሩን የብልሽት ኮድ የሚያነበውን መሣሪያ፣ ግጠምላት። መብራቱ ቢጠፋም ኮዱ ተቀምጦ ሊገኝ ይችላል። ኮዱን ብቻ አይተህ ግን አትመለስ። ፊውል ትሪም የሚለውን ቁጥር ተመልከት። ኮምፒውተሩ በራሱ ምን ያህል ቤንዚን እየጨመረ ወይም እየቀነሰ እንደሆነ በመቶኛ የሚያሳየው እሱ ነው። ከ0 ወደ ላይም ወደ ታችም እስከ 10 ድረስ ብዙም አያስጨንቅም። 20ን ካለፈ አንድ ቦታ ችግር አለ። ሚኒሞ ላይ ከፍ ብሎ ስትረግጥ የሚወርድ ከሆነ አየር ከበሩ ወዲያ በጓርኒሲዮን (በመጋጠሚያ ማሸጊያው) ወይም በቀጭን ቱቦ እየገባ ነው። ሚኒሞ ላይ ደህና ሆኖ ጭነት ሲበዛ የሚወጣ ከሆነ ማፉ ቆሽሿል ወይም ነዳጅ አንሷል።

ሁለተኛው ነገር ምንም መሣሪያ አይፈልግም። ሜዳ ቦታ ፈልግና የኋላ ማርሽ አስገብተህ እንደ ወትሮው ተነስ። ወደ ኋላ ስትነሳም ታንገራግራለች ወይስ አታንገራግርም? መልሱን ንገረን።

ጠያቂው፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ቤንዚኑን በጠርሙስም በወረቀትም ፈተሽኩት፣ ንጹህ ነው። ግፊቱም ተለካ፤ 3.2 ባር ነው፣ ስትረገጥም አይወርድም። ስካነር ላይ የወጣው ኮድ ፒ0171 ነው። ትሪሙ ቆማ 4 ነው። አንደኛ አስገብቼ ስነሳ ግን ዘሎ 20ን ያልፋል።

የገረመኝ ወደ ኋላው ነው። በኋላ ማርሽ ስነሳ ምንም አትልም፤ እንደ አዲስ መኪና ነው የምትሄደው። ይህ ምን ማለት ነው?

መልስ፦ የመኪና ኤሌክትሪሺያን፣ ከባሕር ዳር

ፓምፑ ነጻ ወጣ ማለት ነው። ፒ0171 የሚለው አየሩ በዝቷል፣ ቤንዚኑ አንሷል ነው። የደከመ ፓምፕ ወይም የቆሸሸ ማፍ ወደ ፊትም ወደ ኋላም አይመርጥም። በሁለቱ መካከል የሚለየው ሞተሩ የሚያዘነብልበት አቅጣጫ ነው። ወደ ፊት ስትነሳ ሞተሩ ከላይ ወደ ኋላ ይጋደላል። ወደ ኋላ ስትነሳ በተቃራኒው። ቆመህ ባዶ ማርሽ ላይ ስትረግጥ ደግሞ ያን ያህል አይንቀሳቀስም፤ ለዚህ ነው ጋራዥ ውስጥ ቆማ ደህና የምትመስለው።

ስለዚህ ሞተሩ ሲጋደል የሚከፈት ቀዳዳ ፈልግ። ከአየር ፊልትሮው ሳጥን ወደ አየር በሩ የሚሄደውን ጥቁር ላስቲክ ቱቦ አውልቀህ እይ። አኮርዲዮን የመሰለው የተሸበሸበ ቦታ አለው። ከላይ አይተህ አትተወው፤ አጥፈህ፣ ጎትተህ፣ ከሥሩ በባትሪ አብርተህ ነው የሚታየው።

ጠያቂው፦

አገኘሁት! ተገጥሞ ሳለ ከላይ ሲታይ ምንም የለበትም። አውልቄ ጣቴን በሽብሽቦቹ መካከል ሳስኬደው ከሥር በኩል ጥፍሬ ገባ። ሳጥፈው ስንጥቁ እንደ አፍ ተከፈተ፤ ስለቀው ተመልሶ ገጠመ፣ መኖሩም አይታወቅም። ጠርዙ ላይ ደቃቅ ቀይ አቧራ ተጋግሯል፤ በፒስታ መንገድ ስመላለስ የገባ ነው። ቱቦውን ባሕር ዳር አዝዣለሁ። እስኪመጣ በፕላስተር ጠቅልዬ ልነዳት እችላለሁ?

መልስ፦ መካኒክ፣ ከደብረ ማርቆስ

ከተማ ውስጥ ለአጭር መንገድ ይሆናል። ቱቦውን በቤንዚን ሳይሆን በሳሙና አጥበህ በደንብ አድርቅ፤ ዘይት ካለበት ምንም ነገር አይጣበቅበትም። ከዚያ እርስ በርሱ የሚጣበቀውን የላስቲክ ቴፕ እየወጠርክ ጠቅልለው። ሲሊኮን አትቀባው። አንዳንዱ ሲሊኮን ጭሱ የኦክስጅን ሴንሰሩን ያበላሻል። በዚህ ሁኔታ አባይ በረሃ አትውረድ፤ ፒስታም አትውጣ። በዚያ ስንጥቅ የሚገባው አየር በፊልትሮ አላለፈም። የሚገባው አቧራ ሲሊንደሩን ይፍቃል፤ ይህ ከማንገራገሩ የከፋ ነገር ነው።

ማፉም ቀድሞ አቧራ ጠጥቶ ሊሆን ስለሚችል ይታይ። ለማፍ ተብሎ የተሠራውን ስፕሬይ ብቻ ነው የምትጠቀመው። የካርቡራተር ማጽጃ አትንፋበት፣ በጨርቅ አትንካው፣ ኮምፕሬሰርም አታስጠጋው። ውስጡ ያለችው ሽቦ ከፀጉር አትተናነስም። የአየር ፊልትሮውንም ወደ ፀሐይ አዙረህ እየው። በኮምፕሬሰር ብዛት የተቀደደ ከሆነ ብርሃን ያሳልፋል፤ ጣለው።

ጥያቄ፦ ከእንጅባራ

ይቅርታ፣ በመሐል ልግባ። የኔ ቪትዝ ናት፣ አውቶማቲክ። እሷም ትይዛለች፣ ግን ወደ ፊትም ወደ ኋላም፣ ቆማም ብትረገጥ ነው። ያው ቱቦው ይሆን?

መልስ፦ የመኪና ኤሌክትሪሺያን፣ ከባሕር ዳር

እህቴ፣ ያንቺ ይለያል። ቆማም የምትይዝ ከሆነ ከአየር በሩ ጀምሪ። ብዙ ጊዜ ጠርዙ ላይ ጥቁር ካርቦን ይጋገራል። ከዚያ ቲፒኤሱን በቮልት መለኪያ አስለኪ። ቁልፉ ይከፈት፣ ሞተሩ አይነሳ፣ በሩ ቀስ ተብሎ ይከፈት። ቮልቱ ሳይቆራረጥ ከ0.5 አካባቢ ወደ 4 አካባቢ መውጣት አለበት። መሐል ላይ ወደ 0 ዘጭ የሚል ከሆነ ሴንሰሩ አልቋል። ቀሪውን ለብቻ ጠይቂን፣ ይሄኛው እንዳይደባለቅ።

መልስ፦ መካኒክ፣ ከደብረ ማርቆስ

ለኮሮላው ባለቤት አንድ ነገር ቀርታለች። ቱቦ ያረጃል፣ ግን ያለ ምክንያት ከሥሩ አይቀደድም። የሞተሩን መያዣ ጎማዎች ሳታይ አዲሱን ቱቦ እንዳትገጥም። ኮፈኑን ክፈት። ሰው መሪ ላይ ይቀመጥ፣ የእጅ ፍሬን ይሳብ፣ የእግሩንም አጥብቆ ይርገጥ። አንደኛ አስገብቶ ፍሪሲዮኑን መያዝ እስክትጀምር ቀስ ብሎ ይልቀቅ፤ ከዚያ የኋላ ማርሽ አስገብቶም ይድገመው። አንተ ከጎን ሆነህ ተመልከት፣ ከፊቷ በፍጹም አትቁም። ሞተሩ ትንሽ ነቅነቅ ቢል ጤና ነው። ዘፍ ብሎ ከተጋደለ መያዣው ተበጥሷል። ያን ካልቀየርክ አዲሱም ቱቦ እዚያው ቦታ ላይ ይቀደዳል።

ጠያቂው፦

ጋሼ፣ እንዳሉት አደረግን። ዘፍ ብሎ ነው የሚጋደለው። ከሥር ገብተን ስናይ የኋላው መያዣ ጎማ ከብረቱ ተላቋል። እሱንም ከቱቦው ጋር አብሮ እንዲመጣ አዝዣለሁ። እስከዚያው መኪናዋ ግቢ ትቁም ብያለሁ።

መልስ፦ መካኒክ፣ ከደብረ ማርቆስ

ጥሩ አደረግክ። ሁለቱ ከተገጠሙ በኋላ ኮዱን በስካነር አጥፋና ንዳት። ኮምፒውተሩ የለመደውን ትርፍ ቤንዚን የሚተወው እየተነዳ ነው። ትሪሙን ማርቆስ ውስጥ እይ፤ ከዚያ የደጀንን ዳገት ስትወጣ ድገመው። ዳገቱ ላይም ከ10 በታች ከሆነ ጨርሰናል።