ቢሮ ኮምፒውተር ላይ ያለ ፒችትሪ በስልክ መክፈት ይቻላል?

ሂሳብ_ሠራተኛ፦
ሰላም ወገኖች እባካችሁ የምታውቁ እርዱኝ። አዲስ አበባ አንድ አስመጪ ጋ ሂሳብ ነው የምሠራው፣ እናቴ ታማብኝ ሐሙስ ደሴ ልሄድ ነው ሶስት ሳምንት ያህል እቆያለሁ ግን ደግሞ ቫት ዲክለር የምናደርግበት ጊዜ ደርሷል። ላፕቶፕ የለኝም ሳምሰንግ ስልክ ብቻ ነው ያለኝ። ሂሳብ የምሠራበት ፕሮግራም ፒችትሪው ያለው ቢሮ ዴስክቶፕ ላይ ነው፣ ዊንዶውስ 10። ፕሌይ ስቶር ላይ ፒችትሪ ብዬ ብፈልግ የለም። አለቃዬ ከቻልሽ ከዛው ሥሪ ብሎኛል።

ኔትወርክ_ልጅ፦
እናትሽን እግዜር ይማርልሽ እህቴ። ፒችትሪ የዊንዶውስ ፕሮግራም ስለሆነ ስልክ ላይ አይጫንም፣ መጫንም አያስፈልግሽም፣ እዛው ቢሮ ይሠራል ላንቺ የሚመጣልሽ የስክሪኑ ምስል ነው ስትነኪው ደግሞ የነካሽው ወደ ኮምፒውተሩ ይሄዳል። ለዚህ ክሮም ሪሞት ዴስክቶፕ ይበቃሻል፣ ነፃ ነው። ቢሮ ኮምፒውተር ላይ ክሮም ከፍተሽ በጂሜይልሽ ግቢና ክሮም ሪሞት ዴስክቶፕ ብለሽ ፈልጊ፣ አውርደሽ ጫኚ፣ ለኮምፒውተሩ ስም ስትሰጪው ቢያንስ 6 አሃዝ ፒን ይጠይቅሻል። ስልክሽ ላይ አፑን አውርደሽ በዛው ጂሜይል ግቢ፣ የኮምፒውተሩን ስም ነክተሽ ፒኑን ማስገባት ነው በቃ። ጂሜይሉ ላይ ግን ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን (ከፓስወርዱ ሌላ ሁለተኛ ማረጋገጫ የሚጠይቀውን) የግድ አብሪ፣ ያ አካውንት ከተሰረቀ ሰውዬው የድርጅቱ ሂሳብ ደጃፍ ላይ ደረሰ ማለት ነው።

ዴስክቶፕ_ጠጋኝ፦
ለምን የዊንዶውሱን የራሱን ሪሞት ዴስክቶፕ አትጠቀምም? ራውተሩ ላይ ፖርት 3389ን፣ ማለትም ሪሞት ዴስክቶፑ የሚገባበትን በር፣ ከፍታ በቀጥታ መግባት ነው፣ ፍጥነቱም ይሻላል።

ኔትወርክ_ልጅ፦
ወንድሜ ፍጥነቱ እውነት ነው ግን 3389ን ለኢንተርኔት ክፍት ማድረግ እባክህ ለማንም አትምከር። ቀን ከሌሊት ፖርት እየፈተሹ ፓስወርድ የሚሞክሩ ሮቦቶች አሉ፣ ከገቡ ፋይሉን በሙሉ ቆልፈው ገንዘብ ነው የሚጠይቁት፣ የአመታት ሂሳብ በአንድ ሌሊት ሊጠፋ ይችላል። ሪሞት ዴስክቶፕ ከተፈለገ በቪፒኤን (በተመሰጠረ የግል መስመር) ውስጥ ይሁን፣ እሱም ዊንዶውሱ ፕሮ የሚባለው ዓይነት ከሆነ ነው ሆም የሚባለው ላይ ከውጭ አያስገባም።

ዱባይ_ነዋሪ፦
እኔ ከዱባይ ሆኜ መርካቶ ያለውን የወንድሜን ሱቅ ስቶክ በስልክ ነው የማየው፣ የተቸገርኩባቸውን ልንገርሽ። መጀመሪያ ሴቲንግ ገብተሽ ስሊፕ የሚለውን ኔቨር አድርጊው፣ ኮምፒውተሩ ከተኛ ከሩቅ አትቀሰቅሺውም። አፑ ላይ ደግሞ ከተች ይልቅ ትራክፓድ ሞድ (በጣትሽ የማውሱን ቀስት የምታንቀሳቅሺበትን) ምረጪ፣ የፒችትሪ በተኖች ለጣት በጣም ትንንሽ ናቸው የማትፈልጊውን ትነኪያለሽ። የብሉቱዝ ኪቦርድ ብታገኚ ቁጥር መምታት ይቀልሻል። ፕሪንት ስትይ ወረቀቱ ቢሮ ነው የሚወጣው ስለዚህ ፒዲኤፍ አድርገሽ ጉግል ድራይቭ ላይ አስቀምጪና በስልክሽ ላኪው።

ሂሳብ_ሠራተኛ፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም፣ ደሴ ሆኜ ነው የምጽፈው። ትላንት ማታ ግማሹን ኢንቮይስ አስገብቼ ነበር ዛሬ ጠዋት ግን ኮምፒውተሩ ኦፍላይን ይላል። ቢሮ ደውዬ ሌሊት መብራት ሄዶ ነበር አሉኝ ጥበቃው ነው ያበራልኝ። እንዲህ በሄደ ቁጥር ሰው ላስቸግር ነው?

ኔትወርክ_ልጅ፦
የለም፣ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተው የኮምፒውተሩ ሴቲንግ) ውስጥ መብራት ሲመለስ ራሱ እንዲነሳ የሚያደርግ ቦታ አለ። ዴል ከሆነ ሲነሳ ኤፍ 2 ተጭኖ ኤሲ ሪከቨሪ የሚለውን ፓወር ኦን ማድረግ ነው፣ ኤችፒ ከሆነ በኤፍ 10 ገብቶ አፍተር ፓወር ሎስ የሚለው ነው። ባዮስ ከሩቅ ስለማይነካ ቢሮ ያለ ሰው በስልክ እየመራሽው ያድርገው። ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆየው) ካለም ራውተሩንም አብረው ይሰኩት፣ ኮምፒውተሩ ብቻ በርቶ ራውተሩ ከጠፋ ዋጋ የለውም። ሲነሳ የዊንዶውስ ፓስወርድ ቢጠይቅሽም ከስልክሽ ሆነሽ ማስገባት ትችያለሽ።

ሂሳብ_ሠራተኛ፦
ተስተካክሏል፣ ዴል ነው። ዛሬ ከሰዓት መብራት ሄዶ ሲመለስ ራሱ ተነሳ፣ ቫቱንም ጨርሼ ፒዲኤፉን ለአለቃዬ ልኬለታለሁ። አሁን የሠራተኛ ደሞዝ ልጀምር ነው።

ዱባይ_ነዋሪ፦
ቆይ ሳትጀምሪ! አንቺ የምትሠሪው ሁሉ ቢሮ ያለው ሞኒተር ላይም ይታያል፣ የሰው ደሞዝ አላፊ አግዳሚ ያነበዋል። ደውለሽ ሞኒተሩን ያጥፉልሽ፣ ሞኒተሩን ብቻ ሲፒዩውን እንዳይነኩት።