ጉድጓድ በማሽን ለማስቆፈር ፈቃድ ያስፈልጋል እንዴ?

ጠያቂ፦ ሰላም ነው ቤተሰብ? ከድሬዳዋ ወጣ ብሎ ግማሽ ሄክታር የማትሞላ ማሳ አለችኝ፤ ሽንኩርትና ፓፓያ አለማበታለሁ። አባቴ በእጅ ያስቆፈረው ጉድጓድ ዘንድሮ ጭቃ ብቻ ሆኗል። አንድ ማሽን ያለው ሰውዬ «በሁለት ቀን ውሃ አወጣልሃለሁ፣ ወረቀት ምናምን አያስፈልግም» ብሎ ቀብድ ጠየቀኝ። በገዛ ማሳዬ ላይ ማንን አስፈቅዳለሁ?

የሳቢያን ልጅ፦ አቦ አታካብድ! ስንቱ ቆፍሮ ጫቱን እያጠጣ አይደል? ማን ጠየቀው?

ቆፋሪው፦ እሱን አትስማ። እኔ ቁፋሮ ላይ ነው የምሠራው። በአዋጅ ቁጥር 197/1992 መሠረት የአገሪቱ ውሃ፣ የከርሰ ምድሩም ጭምር፣ የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት ነው። ማሳው ያንተ ቢሆንም ከሥሩ ያለው ውሃ ያንተ አይደለም። በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድና ባህላዊ መስኖ ግን ፈቃድ አይጠየቅባቸውም፤ አንቀጽ 12ን እየው። ስለዚህ በአባትህ ጉድጓድ የሚከስህ የለም። ማሽን ሲገባ ነው ነገሩ የሚለወጠው። ቆፋሪውም ራሱ የብቃት ማረጋገጫ ያስፈልገዋል። «አሳየኝ» በለው፤ ካቅማማ ቀብድህን እንዳትሰጥ።

የሐረማያዋ፦ «ማን ጠየቀው» ላልከው፣ እኛም ጋ ማንም ማንንም ሳይጠይቅ ነበር በየማሳው ፓምፕ የሚተከለው። ደለሉም አግዞት ሐይቃችን በ1990ዎቹ ደረቀ፤ ጀልባ ይሄድበት የነበረው ቦታ ላይ ከብት ሲግጥ አይቻለሁ። ሐረርም ከእናንተው ከድሬ በኩል በቧንቧ ውሃ መሳብ ጀመረች። አሁን እናንተ ደግሞ ከማን ልትስቡ ነው?

የሳቢያን ልጅ፦ እሺ እህቴ፣ ተሸነፍኩ 😅 ግን ፈቃድ እስኪወጣ ሽንኩርቱ ይጠብቀዋል?

ቆፋሪው፦ አይጠብቅም፣ አልዋሽህም። ወረቀቱ ጊዜ ይወስዳል።

ጠያቂ፦ ሰውዬውን ጠየቅኩት፣ «ወረቀቱ አዲስ አበባ ነው» አለኝ። በቃ ተውኩት። የአባቴን ጉድጓድ በእጅ ባስጠልቀውስ?

ቆፋሪው፦ ይሻላል። ዝናብ ሳይመጣ፣ ውሃው በጣም በወረደበት ሰዓት አስቆፍር፤ ያኔ ያገኘኸው ውሃ በቀላሉ አይከዳህም። ለመጠጥም የምታስበው ከሆነ አስመርምረው፤ የድሬ ከርሰ ምድር ውሃ ከመጸዳጃ ጉድጓድ በሚሰርግ ቆሻሻ ናይትሬት ይበዛበታል። ሞተር ለመግጠም ካሰብክ ቀድመህ ውሃ ቢሮ ጠይቅ። ደግሞ አደራ፣ የናፍጣ ሞተር ጉድጓድ ውስጥ አውርደህ እንዳታስነሳ፤ ጭሱ እታች ያለውን ሰው ይገድላል።