የጮቄ አካባቢን ግጥምና ቅኔ የት ልማር? ጥቆማ ስጡኝ

ጠያቂ፦ አዲስ አበባ የአማርኛ መምህር ነኝ። የጎጃም ደጋን፣ በተለይ የጮቄ ተራራ ዙሪያን ቀረርቶ፣ ሙሾና ቅኔ ለተማሪዎቼ ማስተማር እፈልጋለሁ። ቀድሜ ግን እኔው መማር አለብኝ። ያለኝ ክረምቱ ብቻ ነው። ኦንላይን ይሻላል፣ እዚሁ ከተማ የማታ፣ ወይስ ሄጄ የኔታ እግር ሥር ልቀመጥ? መዝገበ ቃላትስ የቱን ልግዛ?

የተቃጠለ፦ ኦንላይን እንዳትሞክር! እኔ የ3 ወር ከፍዬ ከግእዝ ግሥ እርባታ ሳንወጣ ግሩፑ ተዘጋ። አንዲት ጉባኤ ቃና (አጭሯን ቅኔ) እንኳ አልቆጠርኩም፣ ማለትም አልደረስኩም። ብሬን ስጠይቅ መልስ የሚሰጥ ጠፋ። እስካሁን ያናድደኛል።

ሰናይት፦ እኔም እንደዚሁ ሆኛለሁ! ያንተ የቱ ነው? በውስጥ መስመር ንገረኝ።

የተቃጠለ፦ ጽፌልሻለሁ። በቴሌብር ነበር የከፈልሽው?

ሰናይት፦ አዎ፣ ደረሰኙ አለኝ። አቤት የሚባለው የት ነው?

የዋሸራ ልጅ፦ ቅኔ ካልክ የጎጃሙ የቅኔ ቤት ዋሸራ ነው፣ አለቀ። አባቴ እዚያ ነው የተማሩት።

ወሎዬ፦ ዋድላን የት ጣልከው? ጎንጅስ? ሦስቱም የቅኔ ቤቶች የየራሳቸው መንገድ አላቸው።

የዋሸራ ልጅ፦ ይኑራቸው። እኔ ዋሸራ ነው የምለው።

ተጓዥ፦ ጮቄን በክረምት አትሞክረው። ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፣ ብርዱና ጭቃው አይቻልም። ጥቅምት ላይ ሂድ፣ ወፍራም ጃኬት ያዝ።

አንባቢ፦ ሰውየው ቅኔ ልማር አለ እንጂ ተራራ ልውጣ አለ? ጥያቄውን አንብቡ እንጂ!

የድጓ ቤት፦ መምህር፣ እውነቱን ልንገርህ። ቅኔ በአንድ ክረምት አይጨረስም። ጉባኤ ቃና 2 ቤት (ስንኝ) ነው፣ መወድስ 8 ቤት። መሀሉ ላይ እነ ዘአምላኪየ፣ ዋዜማና ሥላሴ የሚባሉ የቅኔ ዓይነቶች አሉ። የቆሎ ተማሪ ብቻውን ሄዶ እየቆጠረ፣ ለየኔታ እየነገረ፣ እየታረመ ነው ዓመታት የሚፈጀው። አንተ ጉባኤ ቃናን በደንብ ከያዝክ ለክፍልህ ብዙ ነው። መጀመሪያ አጥቢያህ ያሉትን የቅኔ መምህር ጠይቅ። ቅርብ እያለልህ ሩቅ አትሂድ። ለግእዙ የኪዳነ ወልድ ክፍሌን (1948 ዓ.ም.)፣ ለባላገሩ አማርኛ የደስታ ተክለ ወልድን (1962 ዓ.ም.) መዝገበ ቃላት ያዝ። እስክትገዛ 6 ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ጎራ በል።

ሙሾና ቀረርቶ ግን ከመጽሐፍ ብቻ አይገኝም። ሙሾ የሟቹን ታሪክ ካላወቅክ ግማሹ ይቀርብሃል። አልቃሿ ማንን፣ በምን ሞት፣ በየትኛው ቀዬ እንዳለቀሰች ጻፍ። አስፈቅደህ ቅዳ። ግጥሙን ብቻ ነጥለህ ሰሌዳ ላይ ብትጽፈው ልጆቹ ቃል ይፈታሉ እንጂ ሰውየውን አያውቁትም። አዲስ አበባ ውስጥ ከጎጃም የመጡ እናቶች ሞልተዋል። ልጆቹ ጎረቤት ይጠይቁ።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ፣ ብዙ ነገር አቀለልክልኝ። የሠፈራችን ነጠላ ሻጭ እናት የሞጣ ሰው ናቸው፣ እስከ ዛሬ አንድም ቀን አልጠየቅኳቸውም። መዝገበ ቃላቱ ግን አሁን ገበያ ላይ አለ? ስንት ይሸጣል?

ሰናይት፦ የተቃጠለ፣ መልእክትህ አልደረሰኝም። ድጋሚ ላክልኝ።

የዋሸራ ልጅ፦ መምህር፣ ዋሸራ ስትሄድ ብቻ ንገረኝ። ተቀብሎ የሚያሳድርህ ዘመድ አለኝ።